ኩላሊት ደላላ የለውም

መርካቶ ውስጥ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው አለ ሲባል ወገን ዝም አይልም። ፎቶው በሸራ ታትሞ መኪና ላይ ይዘረጋል፤ ድምፅ ማጉያው ከአሜሪካን ግቢ እስከ ሲኒማ ራስ «ወገን ድረሱለት» እያለ ይዞራል፤ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ ብር ይዞ ይወጣል፤ ተሸካሚውም ከዕለት ገቢው ያካፍላል። ይህ ደግነት ይበርታ። ገንዘቡ ከሞላ በኋላ ግን የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል፦ ኩላሊቱ ከማን ይገኛል?

ሁሉን በድለላ ማግኘት የለመድን ሰዎች እዚህ ላይ እጃችንን እንሰብስብ። የሰውን አካል ለገንዘብ ማዋል በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል። ደግሞስ የቤት ኪራይ ያስጨነቀው የቀን ሠራተኛ «እሺ» ቢል፣ የተናገረው ችግሩ እንጂ ፈቃዱ ነውን?

በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በዘመድ ልገሳ ነው። ዝምድና ብቻውን ግን ፈቃድ አይሆንም። ቤተሰብ ተሰብስቦ «ወንድምሽ ሲሞት ዝም ብለሽ ታያለሽ?» ያላት እህት በነጻ ልቧ ፈቀደች አይባልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አካሉን ለመስጠት ቃል የገባ ሰው በማንኛውም ጊዜ ቃሉን ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ሐኪሙን ለብቻዋ ታነጋግር፤ ጉዳቱም ጥቅሙም በምትሰማው ቋንቋ ይነገራት፤ ከዚያ በኋላ ትፈርም። እምቢ ካለች ደግሞ በሠርግም በለቅሶም ማንም አይውቀሳት።

ከሞት በኋላ የሚሰጠውንም በቁማችን እንወስን። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቃል ከገቡ ሰዎች የዓይን ብሌን እየተቀበለ ብርሃን ላጡ ሲያደርስ ቆይቷል፤ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስም ቃል ከገቡት አንዱ ነበሩ። ብሌኑ የሚነሳው ሰውየው ባረፈ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ቤተሰብ ሳያውቅ የተገባ ቃል በለቅሶው ግርግር ይቀራል። ለመለገስ የወሰንክ እንደሆነ ለባለቤትህ፣ ለልጆችህና ለዕድርህ ዳኛ አስቀድመህ ንገር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ የልገሳን ሕጋዊ መንገድ አስፍቶታልና፣ ዕድሮቻችን ባለሙያ ጋብዘው ይወያዩበት።

ለታማሚው ገንዘብ ስናዋጣ ለለጋሹም ነጻነት ዘብ እንቁም። እሺታን መቀበል የሚገባው እምቢታን የሚያከብር ሰው ነው።