እሳት ካየው ምን ለየው አትበል

ልጄ፣ ጉርድ ሾላ ግቢህ ጥግ ላይ ቆርቆሮ ከልለህ የራስህን ወርክሾፕ መክፈትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ብየዳው እጅህ ገብቷል፤ የሠራኸው በርና መስኮት በሰፈሩ ይታያል። አሁን «መሮና ቢላዋ ልሥራ» ማለትህ ግን ሌላ ሙያ ነውና ጥቂት ነገር ልንገርህ። የተጣመመ በር ይቃናል። ከልክ በላይ የከረረ መሮ ግን መዶሻ ሲያርፍበት ተሰንጥሮ የሰው ዓይን ያጠፋል።

«እሳት ካየው ምን ለየው» ይባላል። ለራበው ሰው ይሁን፤ ለብረት ግን አይሆንም። አንዱን ባሌስትራ ለሁለት ቁረጠውና በአንድ እሳት አግለህ አውጣ፤ አንደኛውን አመድ ውስጥ ቅበረው፣ ሌላውን ዘይት ውስጥ ንከረው። በማግስቱ የመጀመሪያውን ሞረድ እንደልቡ ይበላዋል፤ ሁለተኛው ላይ ሞረዱ ያንሸራትታል። ከላይ ሲያዩአቸው ግን የአንድ ብረት ቁራጮች ናቸው። ዓይን የማይለየውን ነገር ስለምትሠራ፣ ከእሳቱ በፊትም ከእሳቱ በኋላም ሳትፈትን ምንም አትመን።

ፈተናው ከግዢ ይጀምራል። ምናለሽ ተራ ስትወርድ ሻጩ የሚያሳይህ ሁሉ «ኦርጅናል ባሌስትራ» ነው። ጠርጥር፤ ገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለው። ፌሮ ግን ብዙውን ጊዜ ከ0.3 አይበልጥምና ብታግለውም ብትነክረውም ስለት የሚይዝ ጥንካሬ አይሰጥህም። ግራይንደር አስነካውና ፍንጣሪውን ተመልከት፦ ካርቦኑ ያነሰው ረጅምና ቀጥ ያለ ብልጭታ ይሰጣል፤ ካርቦኑ የበዛው አጠር ብሎ ቅርንጫፍ እያወጣ ይፈነዳዳል። የምታውቀውን አሮጌ ሞረድና ቁራጭ ፌሮ አጠገቡ አስቀምጠህ እያስነካህ አወዳድር። ባሌስትራው በጭነት መኪና ሥር ዕድሜውን የጨረሰ ከሆነ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላልና፣ የተሰበረበትን አካባቢ ቆርጠህ ጣለው።

ሰፈርህ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ከሰሉ ከቆላው ይልቅ ብዙ መናፋት ይፈልጋል። የፀጉር ማድረቂያም ቢሆን ይበቃሃል፤ መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ግን የእጅ ወናፍ አጠገብህ ይኑር። የቀትር ፀሐይ የጋለ ብረት ቀለም አያሳይህምና ጥላ ውስጥ ወይም ሲመሻሽ ሥራ። ማግኔት በሽቦ አንጠልጥለህ ብረቱን እየነካካህ ጠብቅ፤ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔቱ መያዙን ያቆማል። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ጥቂት እስኪፈካ ብቻ ታገሥ፤ ለባሌስትራ 830 ገደማ ይበቃዋል። የሙቀቱን ልክ የሚነግርህ ስባሪ ነው። መሮውን ከመሥራትህ በፊት ከዚያው ብረት ትንሽ ቁራጭ አግለህ ንከርና በጨርቅ ጠቅልለህ ሞርሳ ላይ ስበረው። ስባሪው ደቃቅና ደብዛዛ ግራጫ ከሆነ ልኩን አግኝተሃል፤ እንደ ስኳር ካብለጨለጨ ከልክ በላይ አግለኸዋል።

ባሌስትራን ውሃ ውስጥ አትንከር፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከሳምቡሳ ቤት የተረፈ ዘይት አጣርተህ፣ 50 ዲግሪ ገደማ አሙቀህ፣ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አዘጋጅ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጭሱ ላንተም ለጎረቤትህ ልጆችም መርዝ ነው። ዘይቱ እሳት ከያዘ ክዳኑን ድፋበት ወይም አሸዋ አልብሰው፤ ውሃ ከደፋህበት እሳቱን ግቢውን ሁሉ ታለብሰዋለህ። ደግሞ የመሮውን ጭንቅላት አታጠንክር። መዶሻ የሚያርፍበት ወገን ለስላሳ ሆኖ መቅረት አለበት።

አሁን ሞረድ አንሣ። የጥሩ ሞረድ ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ ከ60 በላይ ነው፤ ካንሸራተተ ብረትህ ወደዚያ ተጠግቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እሳት የብረቱን ቆዳ ካርቦን ይበላዋልና የመጀመሪያው ፍተጋ ለስላሳ ሆኖ ሊሰማህ፣ ሥራው ከሸፈ ብለህ መልሰህ እሳት ውስጥ ልትከተው ትችላለህ። ቆዳውን ገፈህ አልፈህ እንደገና ሞክር፤ ፍርዱን የሚሰጠው የውስጡ ብረት ነው።

ሞረድ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ይላል እንጂ በምን ያህል እንደሆነ አይነግርህም። ለዚህ ከአሮጌ ኩሽኔታ ትንሽ ኳስ አውጣ። አንድ ቁራጭ ፌሮና፣ ከታች በምነግርህ መንገድ የለዘበውን ሥራህን ፊታቸውን አለስልሰህ ኳሷን በመሃላቸው አድርግና በሞርሳ ጨብጥ። ተስፈንጥራ እንዳትመታህ መነጽር አድርግ፣ ጨርቅም ሸፍንባት። ግፊቱ ለሁለቱም እኩል ስለሆነ ጉድጓዱ የሰፋበት ለስላሳው ነው። በካሊፐር ለካው፦ የፌሮው ጉድጓድ ወርድ የሥራህ ሁለት እጥፍ ከሆነ ሥራህ ከፌሮው ወደ አራት እጥፍ ይጠነክራል፤ ጥንካሬ የሚሰላው በጉድጓዱ የገጽ ስፋት ስለሆነ ነው። ስዊድናዊው ዮሐን ብሪኔል በ1900 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴም መሠረቱ ይኸው ነው፤ እሱ 10 ሚሊ ሜትር ኳስ በ3000 ኪሎ ይጫን ነበር።

ከዘይት የወጣውን ብረት ሳታለዝብ አታሳድር፤ በራሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ጥረገውና ከጀርባው ቀስ ብለህ አሙቀው፤ ቀለም ወደ ስለቱ ሲጓዝ ታያለህ። ለቢላዋ የገለባ ቀለም፣ 220 ዲግሪ ገደማ፤ ለመሮ ቡናማ ወደ ሐምራዊ ሲል፣ ከ255 እስከ 285። ሰማያዊ ከሆነ ለስለት ለዝቧል። ኦቭን ካለህ ቢላዋውን በ200 ዲግሪ ሁለት ሁለት ሰዓት ሁለት ጊዜ አቆየው፤ ከቀለሙ ይልቅ እኔ እሱን አምናለሁ።

የብረት ሥራ ዕውቀት ባገራችን አዲስ አይደለም። ማረሻውንና ምሳሩን የሚሠራልን ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ ኖረ፤ ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ፤ ስድቡ ግን ወዲያው አልቀረም። የተናቀ ሰው ጥበቡን ከቤቱ አያወጣምና ብዙው ዕውቀት ሳይጻፍ ከባለቤቶቹ ጋር አለፈ። አንተ ግን ደብተር ይኑርህ፦ ብረቱን ከየት እንደገዛህ፣ ፍንጣሪው ምን እንደሚመስል፣ በምን ቀለም እንዳወጣኸው፣ ሞረዱና ኳሷ ምን እንዳሉህ ጻፍ። የከሸፈውንም ጻፍ። ረዳት ስትቀጥርም አትደብቀው።

የመጀመሪያውን መሮ ለአናጢ ከመሸጥህ በፊት ራስህ ዋንዛ ላይ ምታበት፤ ስለቱ ከታጠፈም ከተሸረፈም ወደ እሳቱ ይመለስ እንጂ ከግቢህ አይውጣ።