ያልገባንን «ገባን» ማለት ይገባናልን?



ከባድ የፍልስፍና መጽሐፍ ስናነብ፣ አንዱን ገጽ ሦስቴ መላልሰን ሐሳቡ ሲሰወርብን፣ ሁለት ፈተና ይመጣብናል። አንዱ «ባዶ ቃል ነው» ብሎ መጣል ነው፤ ሁለተኛው ሰው እንዳይንቀን «ገባን» ማለት ነው። የትኛው ይከፋል? ሁለተኛው ይመስለናል። መጽሐፉን የጣለ ነገ ሊያነሣው ይችላል፤ ሳይገባው «ገባኝ» ያለ ግን የመጠየቂያውን በር በገዛ እጁ ዘግቷል።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1781 እ.ኤ.አ. ስለ ንጹሕ አእምሮ ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የዘመኑን ሊቃውንት አስጨንቆ ነበር። ካንት ራሱ ችግሩን ተረድቶ በ1783 ሐሳቡን የሚያቃልል አጭር መጽሐፍ አወጣ። ስመ ጥሩው ፈላስፋ ሜንደልሶንም በዚያው ዓመት ትልቁ መጽሐፍ ከዐቅሙ በላይ እንደ ሆነበት ለካንት በደብዳቤ ገለጠለት። ሊቅነቱ ግን በዚህ አልቀነሰም። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም የንግሥት ሹም ሳለ፣ ኢሳይያስን ሲያነብ የሚመራው ሰው እንደሚያሻው ለፊልጶስ ሲናገር አላፈረም።

እኛ የመተማ ዮሐንስ ወጣቶች ሰሊጥን እናውቃለን፤ ነዶው ቆሞ ሳይደርቅ የሚያራግፈው የለም። የከበደ ገጽም እንዲሁ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የጎንደር የአንድምታ መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በየፊናው እንደሚፈቱት፣ እኛም በኅብረት እናንብብ። አንዱ ያንብብ፤ ሌላው በአማርኛ ያስረዳ፤ ሦስተኛው «አንድም» ብሎ ይጨምር። ሦስቱም ባልፈቱት ላይ «ገና አልገባንም» ብለን ምልክት እናድርግና ለሚመጣው እሑድ እናቆየው።