ከቤተሰብ መዝገብ ሰው ይቆረጣልን?

ያለፈውን ማስታወስ እንደሚገባ ሁላችንም እንናገራለን። ተዝካር ስናወጣ፣ ዝክር ስንዘክር፣ የጽዋ ማኅበር ተራ ሲደርሰን የምንፈጽመው ተግባር ሁሉ «መርሳት አይገባም» በሚል አንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ሳንጠይቀው የምናልፈው ነገር አለ። ይኸውም «ማንን እናስታውስ?» የሚለው ነው። ደግ የሠራልንን ብቻ ነውን? ወይስ የበደለንንም ጭምር? የበደለንን ሰው ከማስታወሻችን ቆርጠን ብንጥለው ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ብቻ አይደለም። በየቤታችን፣ በበዓል ማግሥት፣ ቡና እየተጠጣ የሚነሣ ነው። ስለዚህ እኔም ልመረምረው የምሻው በቅርብ ከማውቀው ቤት፣ አረርቲ ካለው ከሴት አያቴ ቤት ተነሥቼ ነው።

አያቴን የልጅ ልጆቿ ሁሉ እቴቴ እንላታለን። ኑሮዋ እንደ አብዛኞቹ የምንጃር እናቶች ነው። ዶሮ ሲጮኽ ትነሣለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስማ ትመለሳለች፤ ምጣድ ትጥዳለች፤ ሽምብራና ምስር ትለቅማለች፤ ከሰዓት በኋላ ጥጥና እንዝርቷን ይዛ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። ከዚህ ሁሉ ሌላ ግን አንድ የተለየ ሥራ አላት። ወንድ አያቴ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን በተረፈ ወፍራም የሒሳብ መዝገብ ላይ የቤተሰቡን ማስታወሻ ትለጥፋለች። ሙጫውን ዱቄት በውሃ አፍልታ ራሷ ታዘጋጀዋለች።

በመዝገቡ መጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቷ ነው። ዘመቻው በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ሲጀመር እሷ ልጅ ያዘለች ወጣት እናት ነበረች፤ ፊደል የቆጠረችውም በዚያ ዘመቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ገጾች የሠርግ መጥሪያዎች፣ የክርስትና ካርዶች፣ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬቶች፣ ፎቶግራፎች ተለጥፈዋል። የእያንዳንዳችን የመጀመሪያ ማዕተብ ክር አለ። ከእናቴ የሙሽራ ቀሚስ የተረፈ ጥለት አለ። በየእንቁጣጣሹ ከልጆች የተቀበለችው አደይ አበባም ደርቆ፣ ከሥሩ ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎበት ይገኛል። ፊደሎቹ ትልልቅና ዘመም ያሉ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱም ቀን አልተሳሳተም።

በዓል ሲደርስ ቤቱ ይሞላል። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከደብረ ብርሃን ልጆችና የልጅ ልጆች ይሰበሰባሉ። 44 ታቦታት በአንድነት ወደሚያድሩበት ወደ ኢራንቡቲ ለጥምቀት የሚሄዱ ዘመዶችም እቴቴ ቤት ጎራ ሳይሉ አያልፉም። ከተበላና ከተጠጣ በኋላ መዝገቡ ከሣጥን ይወጣና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሽማግሌዎች ሟቾችን ያስታውሳሉ፤ ልጆች የወላጆቻቸውን የልጅነት ፀጉር አይተው ይስቃሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታዲያ፣ በፋሲካ ማግሥት፣ መዝገቡ ከአንዲት አክስቴ እጅ ሲደርስ ሳቁ ቆመ። በተገለጠው ገጽ ላይ ያለው የአንድ አጎቴ ፎቶግራፍ ነበር። ይህ አጎት የቤተሰቡን የጋራ ሀብት ወንድምና እህት ሳያማክር ሸጦ፣ የሽማግሌ ቃል እንኳ አልሰማም ብሎ ከቤት የወጣ ነው። በዚያ ሽያጭ ብዙ የተጎዳችው አክስቴ ናት። «እማዬ፣ ይህን ሰው እስከ መቼ ነው ከእኛ ጋር የምታኖሪው? መቀስ ስጪኝና ልቁረጠው» አለች። እቴቴም ፍንጃሉን አስቀምጣ እንዲህ ስትል መለሰች፦ «ልጄ፣ ትናንት ዶሮዋ ስትወጣ ድርሻውን ለይቼለት አላየሽም? ከድስት ያልቆረጥኩትን ከወረቀት እቆርጠዋለሁ?»

ይህን ንግግር ለመረዳት የቤታችንን ልማድ ማወቅ ያሻል። የፋሲካ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ሆና ትወጣለች፤ ለማን ምን እንደሚደርስም የታወቀ ነው። እቴቴ በሩቅ ላለው ልጇ አንድ ብልት ሳትለይ ማዕድ አትቀርብም። ልጁ ባይመጣ ያ ድርሻ ለነዳይ ይሰጣል እንጂ ለሌላው አይታደልም። በእሷ ዘንድ ፎቶግራፉም እንዲሁ ድርሻ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፤ በዚህ ቦታ በአክስቴ ላይ ፈጥነን እንዳንፈርድ ያስፈልጋል። ያቀረበችው ምክንያት ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ ታማኝ ልጅና ከሃዲ ልጅ በአንድ ሙጫ ከተለጠፉ የታማኝነት ዋጋው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ የተጎዳ ሰው በበዓል ቀን ቁስሉን እንዲያይ ማስገደድ ፍቅር ይባላልን? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ «ሁሉንም አስታውሱ» ብሎ መስበክ የተጎዳን ሰው መናቅ ይሆናል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚሆነን ፎቶግራፉ ራሱ ነው። አጎቴ በዚያ ምስል ላይ ተማሪ ነው፤ ከጎኑ የቆሙት ወንድ አያቴ ናቸው፤ እጃቸው በልጃቸው ትከሻ ላይ አርፏል። እንግዲህ ልጁ ይቆረጥ ቢባል የአባቱ እጅ አብሮ ይቆረጣል። ያ እጅ ግን ምንም አልበደለም። ከዚህም በላይ ያን ዕለት ልጁ በትምህርቱ አልፎ አባት ደስ ብሏቸው ነበር፤ ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። የኋላው በደል የፊተኛውን ደስታ እንዳልነበረ ሊያደርገው አይችልም። መዝገብ የሽልማት ሰሌዳ ከሆነ በእርግጥ በዳይ ቦታ የለውም። ነገር ግን የሆነውን የሚናገር ከሆነ፣ የነበረን ሰው አልነበረም ማሰኘት ሐሰት መናገር ነው። አክስቴ የደረሰባት በደል እንኳ የሚታወቀው በዳዩ ወንድሟ መሆኑ ሲታወቅ ነው። እሱ ከተፋቀ የእሷም እንባ ምክንያቱ አብሮ ይፋቃል።

ነገሩ ከቤት ወጥቶ ወደ አገር ሲደርስ ደግሞ የመቀሱ አደጋ ጎልቶ ይታያል። በሶቭየት ኅብረት የስታሊን የጸጥታ ሹም የነበረው ኒኮላይ ዬዦቭ ከመሪው ጎን ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍ ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ1940 ከተገደለ በኋላ ምስሉ ከዚያ ፎቶግራፍ ላይ እንዲጠፋ ተደረገ፤ በቆመበት ስፍራ ውሃ ብቻ ቀረ። ሰውየው የብዙዎች ደም ያለበት ነበር። ሆኖም የፋቁት ስለ በደሉ አዝነው አልነበረም፤ ባለሥልጣኑ ከእሱ ጋር መታየት ስላልፈለገ ነው። በዳይን መፋቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው የበዳዩን ተባባሪ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ድምፅ አውጥተው እንዳያለቅሱ ተከልክለው ነበር። መቀሱን የያዘው ኃይል እነዚያ ወጣቶች መታሰብ አይገባቸውም ብሎ ፈርዶ ነበር። ዛሬ በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. ወደተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የገባ ሰው የእነዚያን ወጣቶች ፎቶግራፎች በግድግዳ ላይ ተደርድረው ያያል። ሊታዩ የቻሉት በየቤቱ ያቆያቸው ሰው ስለነበረ ነው። እንግዲህ መቀስ የያዘ ሁሉ እውነተኛ ዳኛ እኔ ነኝ ብሎ እንደሚያምን ከዚህ እንማራለን። የአክስቴ ቂም ከዚያ ጭካኔ ጋር ይወዳደራል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን «ይህ መታሰብ አይገባውም» የሚለው ቃል በማን አፍ ውስጥ እንደሚገባ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ለሁለተኛው ጥያቄ የእቴቴ አሠራር መልስ ይሰጠናል። ከዚያ ፋሲካ ወዲህ አክስቴ ባለችበት መዝገቡን የምትገልጠው እቴቴ ራሷ ናት። ወደዚያ ገጽ ስትደርስ ሁለት ቅጠል በአንድ ላይ ታገላብጣለች። ምንም አትናገርም፤ አክስቴም ታውቃለች፤ ምንም አትልም። በዚህ ተግባር ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ። ማስቀመጥና ማሳየት የተለያዩ ናቸው። እውነት እንዲቆይ ያስፈልጋል፤ በተጎዳ ሰው ፊት ግን ሁልጊዜ እንዲገለጥ አያስፈልግም። አክስቴ ይቅር እንድትል ማንም ሊያስገድዳት አይችልም፤ ይቅርታ ከውስጥ ይመጣል። ምስሉ ከተቆረጠ ግን ይቅር የምትለው ሰው ራሱ ይጠፋባታል። ተዝካርም ቢሆን ለጻድቃን ብቻ አይወጣም። በአርባ ቀን፣ በሰማንያ ቀን፣ በሙት ዓመት ስም የሚጠራለት ሰው ጥፋት ያልነበረበት ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ጸሎቱ ያስፈለገው ጥፋት ስላለበት ነው።

ይህን ካልሁ በኋላ ስለ ሌላ ዓይነት መቆረጥ ጥቂት ልጨምር። ባለፈው ገና አንዲት ትንሽ የአክስቴ ልጅ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ካየች በኋላ «እቴቴ፣ አንቺ የታለሽ?» ብላ ጠየቀች። እውነትም ከመሠረተ ትምህርቱ ወረቀትና ከአንድ የሠርግ ፎቶግራፍ በቀር እቴቴ የለችም። ፋሲካው ሁሉ አለ፤ እሷ የለችም። «ማን ያንሣኝ ልጄ፣ እኔ ወጥ እያማሰልኩ!» ብላ ሳቀች። ቤቱም አብሮ ሳቀ። የልጅቱ ጥያቄ ግን ከአክስቴ መቀስ የማያንስ ነገር ገልጧል። አንዱ ሰው በቂም ይቆረጣል፤ ሌላው በልማድ። ጠላ የጠነሰሰችው፣ ሽንኩርት ከትፋ ያነባችው፣ ሌሊቱን ከምድጃ አጠገብ ያሳለፈችው እናት ፎቶግራፍ ሲነሣ ጓዳ ናት። ማንም ይቅር አላላትም፤ ማንም ይቁረጣት አላለም። ሆኖም በመዝገቡ ላይ ያላት ቦታ ከበደለው አጎቴ ያነሰ ነው።

ይህ የሚሆነው በየቀኑ የሚደጋገም ነገር ታሪክ ስለማይመስለን ነው። ሠርግ አንድ ቀን ነው፤ እንጀራ ግን ዕለት ዕለት ነው። ካሜራ የሚፈልገው አንዱን ቀን ሲሆን ሰው የሚኖረው ግን በሌሎቹ ነው። ዛሬ በየኪሳችን ባለ ስልክ በሺህ የሚቆጠር ፎቶግራፍ እናነሣለን፤ እንዲያም ሆኖ ምጣድ ዳር የተነሣች እናት በስንቶቻችን ስልክ ውስጥ ትገኛለች? ፍትሕ የምንለው ነገር ለበዳይ ያለው ድርሻ እንዳይነፈግ መጠንቀቅ ብቻ ሳይሆን፣ ለደከመም ድርሻውን መስጠት ነው።

እንግዲህ እኛ ወጣቶች በሚመጣው በዓል ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። በየቤታችን ያሉትን አሮጌ ፎቶግራፎች እናውጣና በጀርባቸው የሰዎቹን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ከሽማግሌዎች ጠይቀን በእርሳስ እንጻፍ። የተጣላነው ሰው ምስል ካለ እጃችንን ከመቀስ እንሰብስብ፤ ገጹን ማለፍ ብንፈልግ እንለፈው እንጂ አንቅደደው። ደግሞም አንዳችን ማማሰያውን ከእናታችን እጅ ተቀብለን ድስቱ አጠገብ እንቁም፤ እሷም ከጓዳ ወጥታ ከቤተሰቡ መካከል ትቀመጥና ፎቶግራፍ ትነሣ።