ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 6፥13–16፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥9–21



ከመካከላችን ወደ ሚኒሶታና ወደ ካናዳ የሄዱት በኅዳርና በታኅሣሥ ሲደውሉ ምን ይላሉ? «መስኮት እየደፈንን ነው» ይላሉ። እዚህ ካኩማ ላባችንን እየጠረግን ስንሰማው ያስቃል። እዚያ ግን ቀልድ አይደለም። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ በመስኮት ጠርዝ የምትገባ ቀጭን ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ስታንዘፈዝፍ ታድራለች። ስለዚህ እጣን አጭሰው በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ አድርገው ያዞራሉ፤ ጭሱ የተጣመመበት ቦታ ቀዳዳው እዚያ ነው። ከዚያ በመስኮቱ ዙሪያ ስስ ላስቲክ ይለጥፉና በፀጉር ማድረቂያ ያሞቁታል፤ ላስቲኩ ይወጠራል። በመስተዋቱና በላስቲኩ መካከል የቀረው አየር ብርዱን ይመክታል። ለበሩ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ይበቃል።

የእኛ ጠላት ደግሞ አቧራው ነው። ነፋሱ ሲነሣ በቆርቆሮው ሥር፣ በሸራው ስንጥቅ ገብቶ ወጡም ላይ የሕፃኑም ዓይን ላይ ያርፋል። ታዲያ እኛም ጭቃ እናቦካለን፣ ጨርቅ እንወትፋለን። ሥራው አንድ ነው እኮ!

እግዚአብሔር ኖኅን መርከቡን በውስጥም በውጭም በቅጥራን እንዲለቀልቅ አዘዘው። ውጭውን ብቻ አላለውም። እኛ ሰው የሚያየውን ወገን መለቅለቅ እንወዳለን፤ በውስጥ ያለውን ስንጥቅ ግን ማን ያየዋል? «የእገሌ ስም ወጣ፣ የእኔ ቀረ» የምትል ወሬ በየት በኩል እንደምትገባ ታውቃላችሁ። ትንሽ ናት። ግን እንቅልፍ ትነሣለች፣ ጎረቤትን ታስጠላለች። አሥር ዓመት ለጠበቀ ሰው ይህ ቀላል ፈተና ነው አልልም።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ያው አምላክ መስኮትም እንዲሠራ አዘዘው። መርከቡ ሬሳ ሣጥን አልነበረም። ኖኅ በኋላ ርግቧን የሰደደው በዚያው መስኮት ነው። ሐዘን የበዛበት ሰው በሩን ዘግቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣ ከኅብረትም ቀርቶ «ተጠበቅሁ» ሊል ይችላል። አልተጠበቀም፤ ታፍኗል።

መታፈን ካልን ይህንንም ሳልናገር አላልፍም። አቧራውን ሸሽታችሁ ቤቱን ጥርቅም አድርጋችሁ ስትዘጉ፣ ከሰል የያዘ ምድጃ ውስጥ አታስቀምጡ። ፍም ብቻ ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አለ፤ አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ። የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ይሞታል። መስኮት ገርበብ ማድረግም አያስተማምንም። ቡናው ውጭ ይፈላ፤ ማታ ምድጃው ከደጅ ይደር። ይህን የሚነግራቸው ለሌላቸው አዲስ መጤዎችም ንገሩ።

አሁን ወደ ጳውሎስ። በሮም እስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት፣ ከክረምት በፊትም እንዲደርስለት ለመነው። ለእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ በዚያ አገር ግን ብርድ ነው፣ በዚያ ዘመን ባሕሩም ስለሚናወጥ መርከብ መሄድ ያቆም ነበር። ከዘገየ በርኖሱም ጢሞቴዎስም እስከ ፀደይ አይደርሱም። ያ ታላቅ ሐዋርያ «በርዶኛል» ለማለት አላፈረም። እኛስ እርዳታ መጠየቅ ለምን ያሳፍረናል?

በርኖሱ የነበረው አክርጳ የሚባል ሰው ዘንድ ነው። ስለዚህ ሰው ቅዱሱ መጽሐፍ ሌላ ምንም አይነግረንም። ሰበከ ወይም ተጓዘ አልተባለለትም፤ የሄደ ወንድሙን ልብስ አስቀመጠ። ከዚህ የሄዱ ወገኖች እናንተ ዘንድ የተዉት ሸራ፣ ብርድ ልብስ፣ ቁራጭ ቆርቆሮ አለ አይደል? ባለቤቱ ተመልሶ አይወስደውም። ከእናንተ ማዶ ያለችው እናት ጣሪያዋ ሥር ያለውን ክፍተት ለመድፈን የምትፈልገው እሱን ነው፤ ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት ውሰዱላት።