ወደ አዕዋፍ መመልከት ሥራ ፈትነት ነውን?

ከጸሎትና ከሥራ በተረፈችው ሰዓት በግቢው ተቀምጦ የሚመጡትንና የሚሄዱትን አዕዋፍ የሚመለከት፣ መልካቸውንና ድምፃቸውን እየለየ በደብተር የሚጽፍ ሰው ዛሬ በብዙ አገር ይገኛል። ይህን ልማድ የሚነቅፉ፣ ጊዜ ለንስሓ ተሰጠ እንጂ ወፍ ለመቍጠር አልተሰጠም ይላሉ። ነቀፋቸው ቀላል አይደለምና ልንመረምረው ይገባናል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ምግብና ስለ ልብስ የሚጨነቁትን ሲያስተምር ወደ ሰማይ ወፎች እንዲመለከቱ አዝዟል። በጽርእ የተጻፈውም ቃል አተኵሮ ማየትን የሚያመለክት ነው። እኛ ግን ትርጓሜውን ይዘን ትእዛዙን ተውነው፤ ወፊቱንማ ማን አያት? አለመዝራቷን እናስተምራለን፤ ጎጆዋን ለመሥራት ሣር በአፏ ይዛ ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ ግን አንቈጥርም። ይህን ያየ ሰው፣ አለመጨነቅ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንዳልሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ባስተማረው ትምህርት፣ የሽመላ ልጆች ያረጁ ወላጆቻቸውን እንደሚጦሩ ተናግሯል፤ ይህም በቀደሙት ጠቢባን ዘንድ የታወቀ ነገር ነበር። የዛሬ ተመልካቾች በጎጆዋ ያዩት ግን ወላጆች ጫጩቶቻቸውን ሲመግቡ ነው። ወላጅን ማክበር በኦሪት ታዟልና የሽመላ ምስክርነት አያሻውም። ስለዚህ ተመልካቹ ይዞት የመጣውን ስብከት በወፊቱ አፍ እንዳያኖር ይጠንቀቅ።

የአውሮፓ ሰዎች አዕዋፍ በብርድ ወራት ወዴት እንደሚሰወሩ ብዙ ዘመን ተከራክረዋል፤ በኵሬ ጭቃ ውስጥ ይተኛሉ ያሉም ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1822 ዓመት በጀርመን አገር፣ በሜክለንቡርግ፣ የአፍሪካ ጦር በአንገቷ እንደ ተሰካ የደረሰች ሽመላ ተገኘች፤ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቃ ትታያለች። ጦር ተሸክማ ያን ያህል አገር መሻገሯ ያስደንቃል። ነገር ግን ከዚያም ስትደርስ በጥይት ተገደለች። በሁለቱም አገር ያገኛት ሰው እጁን ዘረጋባት። እንግዲህ መመልከት የሚያስተምረው ይህን ነው፤ እጅን ሰብስቦ ማየትን፣ የወደዱትን ሳይይዙና ሳያስሩ መውደድን። ወፍን በቀፎ ዘግቶ የሚያዳምጥ ሰው ከዚህ ትምህርት ገና አልደረሰም።

ነቃፊዎቹም እውነት አላቸው። ድኻ በደጁ ቆሞ ሳለ ለድንቢጥ እህል የሚበትን፣ ወይም ያያቸውን አዕዋፍ እንደ ባለጠጋ ገንዘብ እየቈጠረ በባልንጀራው ላይ የሚመካ ሰው ወደ አዕዋፍ ሳይሆን ወደ ራሱ ይመለከታል።

ለእኛ ለካህናት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቀርበናል። በሰሜኑ ደጋ ዱሩ ከተመነጠረ ወዲህ ጽዱና ወይራው በብዙ ስፍራ የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው፤ አዕዋፍም ከዚያ ተጠግተዋል። ከኪዳን በኋላ ሕፃናቱ ወንጭፋቸውን ይዘው ወደ ዛፉ ሥር ሲሄዱ፣ መምህሩ ከመቈጣቱ በፊት አብሯቸው ይቀመጥ፤ አንዲት ጎጆም ያሳያቸውና ጫጩቶቹ በስንት ቀን እንደሚበሩ ቈጥረው እንዲነግሩት ይዘዛቸው።