የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም

አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው በሁለት ሰዎች መካከል ስለሚፈጠር ቂም ነው። ነገር ግን የወጋው አንድ ግለሰብ ሳይሆን መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን፣ የተወጉትም ሕፃናት በሆኑ ጊዜ ነገሩ ከቂም አልፎ ከባድ የሕሊና ጥያቄ ይሆናል። በደሉ ከተፈጸመ ከብዙ ዓመታት በኋላ «ያለፈው አልፏል፤ ይቅር ብላችሁ እርሱት» ማለት ይገባልን? ይህንስ ለማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው?

በዚህ ጽሑፍ በካናዳ ነባር ሕዝቦች ልጆች ላይ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች የደረሰውን በደልና ከዚያ የተረፉት ሰዎች እስከ ዛሬ የተሸከሙትን ቁስል በመመልከት ለጥያቄው መልስ ለመፈለግ እንሞክራለን። ጉዳዩ በሩቅ አገር የተፈጸመ ቢሆንም እኛን ካቶሊካውያንን በቀጥታ ይመለከተናል፤ ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በእኛው ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ይመሩ ነበርና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሆነው ነገር

በካናዳ የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች በሦስት ይከፈላሉ፤ እነርሱም ቀዳማውያን ሕዝቦች የሚባሉት፣ ሜቲስና ኢኑዊት ናቸው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ የአገሪቱ መንግሥት የእነዚህን ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ለይቶ በአዳሪ ትምህርት ቤት የማሳደግ መመሪያ ተከተለ። ገንዘቡን መንግሥት ይመድብ ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድሩት ግን ካቶሊካውያን፣ አንግሊካውያን፣ ፕሬስቢተራውያንና ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። በካቶሊክ በኩል ትልቁን ድርሻ የያዙት ኦብላት የተባሉት የንጽሕት ማርያም ማኅበር ካህናትና ከእነርሱ ጋር ያገለገሉ ልዩ ልዩ የደናግል ማኅበራት ነበሩ። ዓላማው ማንበብና መጻፍ ማስተማር ብቻ አልነበረም። ሕፃኑ ቋንቋውን፣ የአባቶቹን ሥርዓትና የወገኑን ማንነት ትቶ ሌላ ሰው ሆኖ እንዲወጣ ይፈለግ ነበር። በ1920 በተደረገ የሕግ ማሻሻያ መንግሥት ልጆቹን በግዴታ የማስገባት ሥልጣን አገኘ። የመጨረሻዎቹ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ150,000 የሚበልጡ ልጆች በእነዚህ ትምህርት ቤቶች እንዳለፉ ይገመታል።

ሕፃናቱ ሲገቡ ጠጉራቸው ይቆረጥ፣ ከቤታቸው ለብሰውት የመጡት ልብስ ይወሰድ፣ በብዙ ቦታም በስማቸው ፈንታ በቁጥር ይጠሩ ነበር። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲናገሩ የተገኙ ይቀጡ ነበር። ወንድምና እኅት በአንድ ግቢ እየኖሩ እንዳይነጋገሩ የተከለከሉበት ጊዜ ብዙ ነው። ፊሊስ ዌብስታድ የተባሉት እናት በ1973 ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ኦብላቶች በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ወደ መሠረቱት የቅዱስ ዮሴፍ ሚስዮን በገቡ ጊዜ፣ አያታቸው ከጥቂት ገንዘባቸው የገዙላቸው አዲስ ብርቱካንማ ሸሚዝ እንደ ተወሰደባቸውና ዳግመኛ እንዳልለበሱት መስክረዋል። ከ2013 ጀምሮ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ቀን ብዙ ካናዳውያን ብርቱካንማ ልብስ የሚለብሱት ይህን ምስክርነት በማሰብ ነው።

በብዙዎች ላይ ደግሞ ከዚህ የከፋ ደርሷል። ድብደባና ረሃብ፣ በአደራ በተቀበሏቸው ሰዎች እጅም የወሲብ ጥቃት ተፈጽሞባቸዋል። ከባድ በደል የተፈጸመባቸው ሰዎች ካሣ እንዲጠይቁ ከ2007 በኋላ በተዘረጋው ሥርዓት ከ38,000 በላይ አቤቱታዎች ቀርበዋል። በሳንባ ነቀርሳና በሌሎች ምክንያቶች የሞቱት ልጆች በስም እየተመዘገቡ ሲሆን ቁጥራቸው ከ4,000 አልፏል። በ2021 በካምሉፕስ በራዳር በተደረገ ፍተሻ 200 ያህል መቃብር ሊሆኑ የሚችሉ ቦታዎች መታየታቸው በተነገረ ጊዜ ዓለም ደነገጠ። እንዲህ ያለ ፍተሻ ብቻውን አስከሬን መኖሩን አያረጋግጥም፤ ይሁን እንጂ ብዙ ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ሳይመለሱ በዚያው በትምህርት ቤታቸው አጠገብ እንደ ተቀበሩ ከራዳሩ አስቀድሞ በሰነድና በምስክር የታወቀ ነው።

ቁስሉ ለምን አይሽርም?

«ሰው ሁሉ መከራ ያያል፤ ጊዜ ሁሉን ያስረሳል» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል የቁስሉን ዓይነት አለማስተዋል ነው። ሕፃን መውደድን የሚማረው በመወደድ ነው። ከእናቱ እቅፍ ተወስዶ በደወል የተነሣ፣ በደወል የበላ፣ ሌሊት ሲያለቅስ የሚያባብለው ያጣ ልጅ፣ አድጎ ወላጅ በሆነ ጊዜ ልጁን እንዴት እንደሚያቅፍ ከማን ይማር? ለካናዳ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ምስክርነታቸውን ከሰጡት ተራፊዎች ብዙዎቹ የተናገሩት ይህንኑ ነው። ለልጆቻቸው ፍቅራቸውን መግለጽ አቅቷቸው ነበር፤ የሚያስታውሱትን ለመርሳት ሲሉ በመጠጥ የተያዙ አሉ፤ ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ከአያቶቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ያጡ አሉ።

ስለሆነም በደሉ ግቢውን ባልረገጡት ልጆችና የልጅ ልጆች ላይ እንኳ ይታያል። ወላጆቻቸው በአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ያለፉ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ለመንፈስ ጭንቀትና ራስን ለማጥፋት ሐሳብ የተጋለጡ መሆናቸውን በካናዳ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ15 ዓመት በታች ከሆኑት የካናዳ ልጆች መካከል የነባር ሕዝቦች ልጆች 7.7 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በአሳዳጊ ቤተሰብ እጅ ከሚገኙት መካከል ግን 53.8 ከመቶ ነበሩ። ድህነትና ሌላም ምክንያት ያለበት ቢሆንም፣ ልጅን ከእናቱ የመለየት ታሪክ በሌላ መልክ መቀጠሉን ይህ ቁጥር ያመለክታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቁስሉ በእግዚአብሔር ስም የደረሰ መሆኑ ነው። በሌላ ቦታ የተጎዳ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ይጽናናል። የመስቀል ምልክትና የግርፋት ትዝታ በልቡ አንድ ላይ የተቀረጹበት ሰው ግን ለመጽናናት ወዴት ይሂድ? ሆኖም ከተራፊዎቹ መካከል እስከ ዛሬ በካቶሊካዊ እምነታቸው የጸኑ መኖራቸውን በአክብሮት ልናስታውስ ይገባል። ደግሞም ተራፊዎቹን እንደ ቁስለኞች ብቻ መመልከት አይገባንም። እውነቱን ወደ ብርሃን ያወጡት እነርሱ ናቸው። በ1990 የነባር ሕዝቦች መሪ የነበሩት ፊል ፎንቴይን በልጅነታቸው የደረሰባቸውን በአደባባይ ሲናገሩ ለብዙዎች አንደበት ሆኑ፤ ኮሚሽኑም እስከ 2015 ድረስ ከ6,500 በላይ ሰዎችን አዳመጠ።

ሦስት ማመካኛዎች

ይህን ታሪክ ስንሰማ ሦስት መልሶች ፈጥነው ወደ አእምሮአችን ይመጣሉ። የመጀመሪያው «ዘመኑ እንዲያ ነበር» የሚለው ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን እውነቱን የተናገሩ ነበሩ። በመንግሥት የነባር ሕዝቦች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዋና ሐኪም የነበሩት ዶክተር ፒተር ብራይስ በ1907 ትምህርት ቤቶቹን መርምረው ልጆች በሳንባ ነቀርሳ በብዛት እንደሚሞቱና መኖሪያዎቹ አየር እንደማይዘዋወርባቸው አስጠንቅቀው ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኙም። ከዚያም እጅግ አስቀድሞ፣ በ1659፣ የሮማው የእምነት ማስፋፊያ ጉባኤ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ለሚላኩ ሐዋርያውያን እንደራሴዎች በሰጠው መመሪያ፣ ከእምነትና ከግብረ ገብ ጋር በግልጽ የማይጋጭ የሕዝብ ልማድ እንዳይነካ፣ አውሮፓም ወደ ሌሎች አገሮች እንዳትዛወር አዝዞ ነበር። ስለዚህ የጎደለው እውቀት አልነበረም።

ሁለተኛው «በቅን ልቡና ነው ያደረጉት፤ መልካምም ሠርተዋል» የሚለው ነው። ልጆቹን ከልባቸው የወደዱ መምህራን እንደ ነበሩ አንክድም፤ ከተራፊዎቹም ይህን የመሰከሩ አሉ። ይሁን እንጂ የግብረ ገብ ትምህርታችን እንደሚያስረዳው በራሱ ክፉ የሆነውን ሥራ መልካም ዓላማ መልካም አያደርገውም። ቤተ ክርስቲያን የልጆች የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ወላጆቻቸው ናቸው ብላ ታስተምራለች። ልጅን ያለ ወላጆቹ ፈቃድ ወስዶ ወላጆቹን እንዲንቅ ማስተማር በየትኛውም ዓላማ ቢሸፈን ፍትሕን መጣስ ነው።

ሦስተኛው «እኛ አላደረግነውም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ኃጢአት የሠራው ሰው የግል ኃጢአት ነው፤ ባልሠራነውም አንወቀስም። ነገር ግን ወቀሳና ኃላፊነት አንድ አይደሉም። አባቱ ሲሞት ቤቱን የወረሰ ልጅ የአባቱን ዕዳ አላውቅም ማለት አይችልም። እኛም በቅዱሳኖቻችን ስንከብርና የሚስዮናውያንን ድካም የራሳችን አድርገን ስንተርክ፣ የአንዱ አካል ክፍሎች መሆናችንን እየመሰከርን ነው። በክብሩ ጊዜ «እኛ» ያልን በዕዳው ጊዜ «እነርሱ» ልንል አንችልም።

ይቅርታ የማን ነው?

ምሥጢረ ንስሐ ከንስሐ ገቢው ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ጸጸት፣ ኑዛዜና ካሣ። ይህንን መለኪያ ለምእመን ስናስተምር ኖረናል፤ ለራሳችን ስንሰፍርበት ምን እናገኛለን?

በ1991 በካናዳ የሚገኙ ኦብላቶች ይቅርታ ጠየቁ። በ2008 የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ስቴፈን ሃርፐር በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። በ2009 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ የነባር ሕዝቦችን ልዑካን ተቀብለው ኀዘናቸውን ገለጡ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በካናዳ ምድር ተገኝተው ይቅርታ እንዲጠይቁ ኮሚሽኑ በ2015 አሳስቦ ነበርና፣ እርሳቸው በሐምሌ 2022 ወደ ማስክዋቺስ ሄደው ብዙ ክርስቲያኖች ለፈጸሙት ክፋት ይቅርታ ጠየቁ፤ ይቅርታ መጠየቅም የመጀመሪያው እርምጃ እንጂ ፍጻሜው እንዳልሆነ አስገነዘቡ።

ኑዛዜው ዘግይቶም ቢሆን መጣ። በካሣው በኩል ግን ገና ብዙ ይቀራል። በ2000ዎቹ በተደረሰው ስምምነት መሠረት የካቶሊክ ወገኖች ለተራፊዎች ፈውስ 25 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለማሰባሰብ እንዲጥሩ ተስማምተው ነበር፤ የተሰበሰበው ግን 4 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ጳጳሳቱ በ2021 ሌላ የ30 ሚሊዮን ዶላር ቃል የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ያታለላቸውን ሰዎች «እርሱት» አላላቸውም፤ አራት እጥፍ ሊመልስላቸው ቃል ገባ እንጂ።

«ታዲያ ጌታ ይቅር በሉ ብሎ አላዘዘምን?» ይባል ይሆናል። በእርግጥ አዝዟል። ነገር ግን ይህን ትእዛዝ ለተበዳዩ የሚሰብክለት በዳዩ ሲሆን ወንጌል መጠለያነቱ ለጥፋተኛው ብቻ ይሆናል። ይቅርታ ስጦታ ነው፤ ስጦታም በግድ አይጠየቅም፤ ቀንም አይቆረጥለትም። ተበዳዩ ይቅር ለማለት ዓመታት ቢፈጅበት፣ ወይም እያነባ ደጋግሞ ቢናገር፣ ልንታገሠው እንጂ በእምነት ማነስ ልንከሰው አይገባም። ይቅር ማለትም መርሳት አይደለም። ጌታችን ከሙታን በተነሣ ጊዜ የችንካሩና የጦሩ ምልክት በክቡር ሥጋው ላይ ነበረ፤ ሐዋርያው ቶማስም እንዲዳስሰው ተጋበዘ። ትንሣኤ ቁስሉን ካላጠፋው፣ እኛ ማንን ነው ጠባሳህን ሸፍን የምንለው?

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

በዚህ መጽሔት በኩል የምናገኛችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ምእመናን ሆይ፤ ከካናዳው ታሪክ የምንማረው በሌሎች ለመፍረድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ስም ልጆችን የሚቀበል ሁሉ የሰውን ነፍስ በአደራ ይቀበላል። በትምህርት ቤታችን፣ በአዳሪ ቤታችን፣ በሰንበት ትምህርታችን ያለው ሕፃን በስሙ ይጠራ፤ ከእናቱ የተማረው ቋንቋ አያሳፍረው፤ ወላጆቹ ወደ ልጃቸው ለመግባት ደጅ አይጥኑ። «እገሌ በደለኝ» ብሎ የሚናገር ልጅ ቢመጣ የማኅበራችንን ስም ከመጠበቅ በፊት ልጁን እንጠብቅ። በልጅነቱ ተጎድቶ ዛሬ በእርጅናው የሚናገር ሰው ቢያጋጥመንም «ያለፈ ነገር ነው» ብለን አፉን አንዝጋ፤ ተናግሮ እስኪጨርስ እናዳምጠው።

በመግቢያችን ለጠየቅነው መልሳችን ይህ ነው። «ያለፈው አልፏል» ለማለት ሥልጣን ያለው፣ ቢፈቅድና ጊዜው ሲደርስ፣ የተወጋው ብቻ ነው። የወጋው ድርሻ ማስታወስ፣ መናዘዝና መካስ ነው። ስለ ሕፃናት እጅግ የጠነከረ ቃል የተናገረው ጌታ፣ በስሙ ለቆሰሉት መጽናናትን፣ ለእኛም የሚያስታውስ ልቡና ይስጠን። አሜን።