ስደተኛዋ እናት እና የእኛ መታሰቢያ



ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወቅት ዘመነ ጽጌ ይባላል። ማሕሌተ ጽጌ የሚቆመው፣ ብዙዎቻችንም በፈቃዳችን የምንጾመው፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን ለማሰብ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለለመድነው ይሆናል፣ ቆም ብለን ልብ አንለውም እንጂ፣ አርባ ቀን ሙሉ የምናስባት አንዲት ስደተኛ እናት ናት። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ስለፈለገ (ማቴ. 2፥13) በሌሊት ወጣች። የሄደችበት አገር አገሯ አይደለም፤ ቋንቋውም ቋንቋዋ አይደለም። አብረዋት የተንከራተቱት አረጋዊው ዮሴፍና ሰሎሜ ናቸው።

ታዲያ እርሷን ከልቡ የሚያስብ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ያለችውን ስደተኛ እናት እንዴት አድርጎ ያስባታል? ማሰብ ሲባልስ ምን ማለት ነው?

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለምንኖር ሰዎች ይህ ሩቅ ጥያቄ አይደለም። ከጅማ መንገድ የመጣ ሰበታን፣ ከወለጋ የመጣ ቡራዩን፣ ከጎጃምና ከሰላሌ የመጣ ሱሉልታን ሳያይ አዲስ አበባ አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም ሸገር ከተማ በሚባለው ሥር ሆነዋል፤ ሰዉ ግን አሁንም በየመንገዱ ከየአገሩ እየመጣ ይሰፍርባቸዋል። ከሚመጡት መካከል ብዙ አያቶች አሉ። ልጇ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ በሶና ቅቤ ቋጥራ የመጣች እናት፣ "አንድ ወር ሰንብቼ እመለሳለሁ" ብላ ነበር። ልጅቷ ሕፃኑን ጥላ ቤይሩት ወይም ሪያድ ሄደች። አንዱ ወር ስድስት ዓመት ሆነ። አያቲቱ የምታውቀው ቤተ ክርስቲያን፣ የምትጠጣው ጽበል፣ የማኅበር ጓደኞቿ ሁሉ አገር ቤት ቀርተዋል። እዚህ የምታውቀው የልጅ ልጇን ትምህርት ቤትና ወፍጮ ቤቱን ብቻ ነው።

በአንድ ቤት ሁለት ስደተኛ እናቶች ማለት ይህ ነው። አንዷ ባሕር ማዶ፣ አንዷ ጓዳ ውስጥ። ባሕር ማዶ ያለችው ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ስለሚሆን እንደልቧ መውጣት መግባት አትችልም። በአውሮፓውያኑ 2020 የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ ኮሮናም ሲጨመርበት፣ አሠሪዎቻቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እያወረዱ የጣሏቸው እህቶቻችን ሻንጣቸውን ተንተርሰው ሲያድሩ ዓለም አይቷል። ልጁ ደግሞ እዚህ አያቱን "እማዬ" ይላል፤ የወለደችውን በስሟ ይጠራታል። ተመልሳ ስትመጣም ከአያቱ ነጠላ ሥር ይደበቅባታል። ማን ናት እናቱ ታዲያ?

መጽሐፈ ሩት ይህንኑ ያነሣል። ሞዓባዊቷ ሩት አማቷን ኑኃሚንን ተከትላ አገሯን ጥላ ወደ ቤተ ልሔም መጣች፤ ከሰው እርሻ ቃርሚያ እየቃረመች አበላቻት። ኢዮቤድን በወለደች ጊዜ ሕፃኑን አቅፋ ያሳደገችው አያቱ ኑኃሚን ናት፤ የጎረቤት ሴቶችም ልጁን የኑኃሚን ልጅ አሉት (ሩት 4፥16-17)። ሩት በዚህ ተቀየመች የሚል የለም። ወንጌላዊው ማቴዎስ ደግሞ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር ሩትን በስሟ ጠርቷታል (ማቴ. 1፥5)። ያቀፈችውም የወለደችውም ስማቸው አልጠፋም። እኛ ግን አንዷን ለማመስገን ሌላዋን መውቀስ ይቀናናል። "ልጇን ጥላ ሄደች" እያልን የምናማት ሴት በላከችው ብር ነው ልጁ ቀለም የቆጠረው።

ከዚህ የከፋ ደግሞ አለ። "እናት ናት፣ ትችለዋለች" እንላለን። ምስጋና ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሸክሙን ላለመካፈል የምናቀርበው ሰበብ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ጀሪካን ስትሸከም እያየን "የድሮ ሰው እኮ ጠንካራ ነው" ብለን እናልፋለን። መሥዋዕትነት እናት ወድዳ ስትሰጠው ቅዱስ ነገር ነው። ልጅ እንደሚገባው ቆጥሮ ሲወስደው ግን ስሙ ሌላ ነው።

ወድዶ መስጠት ምን እንደሚመስል ያሳዩን እናት በቅርብ ዘመን ነበሩን፤ የክብር ዶክተር አበበች ጎበና። የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. በሰላሌ በኩል ሸበል አቦ በምትባል መንደር ነው። አባታቸው በጣልያን ጦርነት ስለሞቱ ያሳደጓቸው አያቶቻቸው ናቸው፤ እዚህም አያት አለች ማለት ነው። ገና በልጅነታቸው ያለፈቃዳቸው ቢድሯቸው ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። በአውሮፓውያኑ 1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሲሄዱ በድርቅ የወደቀ ሕዝብ ገጠማቸው። የሞተች እናቷን ጡት ለመጥባት የምትታገል ሕፃን አዩ። ከዚያ ጉዞ የተመለሱት ሁለት ወላጅ አልባ ልጆች ይዘው ነው። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ።

ባለቤታቸው ከትዳሩና ከልጆቹ አንዱን እንዲመርጡ ጠየቋቸው፤ ልጆቹን ይዘው ወጡ። እንጀራና ሌላም ምግብ እያዘጋጁ እየሸጡ አሳደጓቸው። እዚህ ላይ ባልየውን ለመኰነን የምንቸኩል እንኖራለን። እኔ አልቸኩልም። 21 ልጅ በአንድ ቤት ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ከመካከላችንስ ስንታችን በሩን እንከፍት ነበር? ነገር ግን ልብ በሉ፤ ወይዘሮ አበበች ግሸን ሄደው የተሳለሟት እናት ያው የስደት እናት ናት። ከተሳለሙ በኋላ መንገድ ላይ ያገኙትን ስደተኛ አልፈው ቢመጡ ኖሮ፣ ጽበሉን ይዘው መመለሳቸው ምን ይረባቸው ነበር? ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም ሲያርፉ እናቴ ብሎ ያለቀሰው ሰው ከሆዳቸው አልወጣም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ እኛ ዘንድ መታሰቢያ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ተዝካር ነው። ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ብላ ቤተ ክርስቲያናችን የሠራችው ሥርዓት መልካም ነው፤ ጸሎት ነው፣ ለድኻም ምጽዋት ነው። ተዝካር ይቅር አላልኩም። ዳሱ ተጥሎ፣ ሥጋው ተቆርጦ፣ ዕዳው ለዓመት የሚተርፈው ግን ለማን ነው? እናቲቱ በሕይወት ሳለች መድኃኒት የሚገዛላት ጠፍቶ ከሆነማ፣ ዳሱ የልጆቹ እንጂ የእርሷ መታሰቢያ አይደለም። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ሰዎችን የገሠጸው በዚሁ ነው። ለአባትና ለእናት የሚገባውን "ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ" እያሉ ይከለክሉ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ስለት አግብቶ እናቱን የዘነጋ ሰው ያን ምዕራፍ ደጋግሞ ቢያነበው ደግ ነው። እርሱ ራሱ በመስቀል ላይ ሆኖ በዚያ ሁሉ ሕማም መካከል እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጥቷል። ዮሐንስም አልቅሶ አልቀረም፤ ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ. 19፥27)።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍትሐት ሲደረስ ካህኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት የክርስትና ስሟን ነው። በዚያ ሰዓት ልጆች እርስ በርስ ሲተያዩ ስንት ጊዜ አይተናል! ሃያ ዓመት አብረዋት ኖረው "እማዬ" እንጂ ሌላ ስም አያውቁም። ወለተ ማርያም ትሁን ወለተ ሚካኤል፣ ከየትኛው ደብር እንደተነሣች፣ የእናቷ ስም ማን እንደነበር የጠየቃት የለም። እርሷ እኮ የሁላቸውን የክርስትና ስም በቃሏ ታውቃለች፤ ማታ ማታ ስትጸልይ አንድ በአንድ እየጠራች ነው። ዛሬ ማታ የልጅ ልጆቿ አጠገቧ ቁጭ ብለው ይጠይቋት። ቤይሩት ያለችው ልጇም በስልክ ትስማ። በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ሲደርስ አገር ቤት ምን ይደረግ እንደነበር እግረ መንገዷን ትነግራቸዋለች። የእናቱ አስከሬን ቤት ተኝቶ ሳለ አገር ቤት ላሉ የንስሐ አባቷ ስልክ እየደወለ የክርስትና ስሟን ያጣራ ልጅ በሰፈራችን አለ።